እልፍኝ አስከልካዩ በውኃው ዳር

ንባባት፦ የሐዋርያት ሥራ 8፥26-40፤ ኢሳይያስ 56፥1-8፤ ኤርምያስ 38፥1-13፤ ማቴዎስ 19፥3-12



ባለፈው ዓመት አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ከቡሬ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ የገጠር ቤት በክርስትና ድግስ ላይ ተገኝቼ ነበር። ሕፃኑ ተጠምቆ፣ ጸሎቱ ተፈጽሞ፣ እንግዳው በዳሱ ውስጥ እንደ ዕድሜውና እንደ ክብሩ ተቀምጦ ይስተናገድ ነበር። ጠላውን እየተዘዋወረ የሚቀዳው ከካቴኪስቶቻችን አንዱ ነው። ዕድሜው ከአምሳ ያለፈ፣ በምሥጢረ ተክሊል ከተጋባ ሃያ ሁለት ዓመት የሆነው፣ ነገር ግን እግዚአብሔር ልጅ ያልሰጠው ሰው ነው። ወደ ሽማግሌዎቹ መደብ ሲደርስ አንደኛው ዋንጫውን ዘርግቶ፣ «የእኛ ጃንደረባ! ወዲህም ቅዳ እንጂ» አለው። ዳሱ በሳቅ ተናወጠ። እርሱ ቀና ሳይል ቀዳና አለፈ። እኔ በዳሱ ራስ በኩል በክብር ተቀምጬ ነበር፤ ሌላው ሲስቅ እኔም ፈገግ አልሁ።

በሚቀጥለው እሑድ ካቴኪስታችን ለቅዳሴ አልመጣም። በሁለተኛውም አልመጣም። በሦስተኛው ሳምንት ባለቤቱ ብቻዋን መጥታ ከቅዳሴ በኋላ ጠበቀችኝ። «አባ፣ የሰዉን ስድብማ ከለመደው ቆይቷል፤ አንቱም ሲስቁ አየና ነው የቀረው» አለችኝ። የምመልስላት አልነበረኝም። በዘርአ ክህነት ሳለሁ ስለዚሁ ቃል ረዘም ያለ ጽሑፍ ጽፌ በመምህሬ ተመስግኜ ነበር፤ በዳሱ ውስጥ ግን ከተማርሁት አንዲት ቃል እንኳ ትዝ አላለችኝም። እንግዲህ ያን ጊዜ ልናገረው የሚገባኝን ዘግይቼም ቢሆን በዚህ ገጽ ልናገር።

ጎጃም የማዕረግ ስም አገር ናት። አያቶቻችን ግራዝማች፣ ቀኝ አዝማች፣ ባላምባራስ እየተባሉ ኖረዋል። እነዚህ የጦር ሜዳ ስሞች ናቸው። የቤተ መንግሥቱ ውስጥ አገልግሎት ደግሞ የራሱ ስሞች ነበሩት፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1873 ዓ.ም. ከነገሡ ወዲህ ደብረ ማርቆስ የንጉሥ መቀመጫ ስለ ሆነች እነዚህ ስሞች ለአገራችን ሰው ባዕድ አልነበሩም። በጅሮንድ የግምጃ ቤቱ ሹም ነው። ባልደራስ በፈረሶቹና በበቅሎዎቹ ላይ የተሾመ ነው። አጋፋሪ በግብር ጊዜ እንግዳውን የሚያስገባና በየማዕረጉ የሚያስቀምጥ ነው፤ ይህ ቃል ዛሬም በሠርጋችንና በተዝካራችን በሕይወት አለ። እልፍኝ አስከልካይ የሚባለው ግን ከእነዚህ ሁሉ ወደ ጌታው ይበልጥ የቀረበ ነው። በንጉሡ የውስጥ ክፍል በር ላይ ቆሞ ማን እንዲገባ፣ ማን እንዲቆይ፣ ማን እንዲመለስ የሚያደርግ እርሱ ነው። ታላላቅ መኳንንት እንኳ የእርሱን ፊት ሳያዩ የንጉሡን ፊት አያዩም ነበር።

ይህን ይዘን ወደ «ጃንደረባ» እንምጣ። በቃሉ መጀመሪያ ላይ ያለችው «ጃን» የቤተ መንግሥት ቃል ናት። ጃንሆይ ስንል፣ ጃን ሜዳ ስንል፣ ንጉሣዊ የሆነውን ነገር መጥራታችን ነው። በታቦትና በካህናት ላይ የሚዘረጋው ጃንጥላም በመጀመሪያ የንጉሥ ጥላ ማለት ነው። ስለዚህ ጃንደረባ የሚለው ስም ሲፈጠር የንጉሥ ቤት ሰው ማለት ነበር እንጂ ስድብ አልነበረም። ግእዙ ለዚሁ ሰው «ኅጽው» የሚል ሌላ ቃል አለው፤ ትርጉሙም የተሰለበ ማለት ነው። ልዩነቱን አስተውሉ፤ ግእዙ ሰውየውን በአካሉ በጎደለው ነገር ይጠራዋል፤ አማርኛው በሚያገለግልበት ቤት ይጠራዋል። ዛሬ በየድግሱ የሚስቀው ሰው የአማርኛውን ቃል እየተናገረ የግእዙን ትርጉም ብቻ ይሰማል።

ይህ መደራረብ በእኛ ቋንቋ ብቻ የደረሰ አይደለም። ብሉይ ኪዳን በዕብራይስጥ የሚጠቀምበት ቃል «ሳሪስ» ነው። ሊቃውንት እንደሚሉት ቃሉ ከባቢሎንና ከአሦር ነገሥታት ግቢ የመጣ ሲሆን መነሻው «በራስ ላይ ያለ» ማለትም የንጉሡ ባለሟል የሚል ነው። ዮሴፍን የገዛው ጲጥፋራ በዕብራይስጡ ሳሪስ ተብሏል፤ ጲጥፋራ ግን ሚስት እንደ ነበረው፣ ሚስቱም በዮሴፍ ላይ ምን እንዳደረገች ሁላችን እናውቃለን። እንግዲህ በዚያ ስፍራ ቃሉ ሹመትን እንጂ የአካል ጉድለትን እንደማያሳይ ብዙ ተርጓሚዎች ይስማማሉ። በትንቢተ ዳንኤል መጀመሪያ ላይ የምናገኘው አስፋኔዝም የጃንደረቦች አለቃ ነው፤ ወጣቶችን መርጦ የሚያሳድግ፣ በንጉሥ ፊት የሚያቆም ታላቅ ሹም ነው። የግሪኩ ቃል «ኤውኑኮስ» ደግሞ «መኝታን የሚጠብቅ» ማለት ነው። ይህን ቃል በቃል ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ከእልፍኝ አስከልካይ የተሻለ አያገኝም።

ታዲያ የንጉሥ ቤት ሹመትና የተጎዳ አካል እንዴት በአንድ ቃል ተገናኙ? ምክንያቱ የነገሥታት ፍርሃት ነው። ልጅ የሌለው ሰው ዙፋኑን ለልጁ ለማውረስ አያሤርም፤ በሴቶቹም ክፍል ቢገባ አያሠጋም ተባለ። ስለዚህም በፋርስ፣ በሮም፣ በኋላም በክርስቲያኑ ቢዛንጥያ ግቢ ሳይቀር ሰውን ቆርጦ ማገልገያ ማድረግ ልማድ ሆነ። ከእነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ በልጅነታቸው ተይዘው የተሸጡ ናቸው። ይህ ነገር ሩቅ አገር የተደረገ ብቻ እንዳይመስለን። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በዚሁ በጎጃም የባሶ ገበያ ከዓባይ ማዶ የመጡ ባሪያዎች ከቡናው፣ ከማሩና ከዝባዱ ጋር ይሸጡ ነበር። ወደ ቀይ ባሕር ማዶ ከሚሻገሩት ወንዶች ልጆች መካከልም እየተሰለቡ የሚሸጡ ነበሩ፤ በዚያ ሥራ ብዙዎቹ ይሞቱ ስለ ነበር የተረፈው ዋጋው ውድ ነበር። ካፑቺኑ አቡነ ማሳያ በ1852 እ.ኤ.አ. ነጋዴ መስለው ጎጃምን አቋርጠው ዓባይን ወደ ጉድሩ ሲሻገሩ ይህንኑ የንግድ መንገድ ተከትለው ነው። በአገራችን ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. አዋጅ ነው። ስለዚህ በዳሱ ውስጥ የሚሳቅበት ቃል፣ እናቱ ሳታየው የተወሰደ የአንድ ልጅ ጩኸት ያለበት ቃል ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ይስቅ ይሆን?

ቤተ ክርስቲያን በዚህ ጉዳይ ቀደም ብላ ተናግራለች። በ325 እ.ኤ.አ. በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች የጻፉት የመጀመሪያው ቀኖና ስለዚሁ ነው። ሐኪም ለሕመሙ የቆረጠው ወይም ጨካኞች የሰለቡት ሰው በክህነቱ ይቀጥላል፤ ጤነኛ ሳለ በገዛ እጁ ራሱን የጎዳ ግን ከክህነት ይውጣ አሉ። አባቶች የተደረገበትን ሰውና ያደረገውን ሰው ለዩ። ለተጎዳው ጉዳቱን ኃጢአት አድርገው አልቆጠሩበትም። እኛ ግን ከዚያ ወዲህ 1,700 ዓመት አልፎ፣ ልጅ ስላልወለደ ብቻ ሰውን እንደ በደለኛ እንመለከታለን።

አሁን ወደ ጋዛ መንገድ እንውረድ። ቅዱስ ሉቃስ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ ስምንት ላይ የሚነግረን ሰው ስሙ አልተጻፈም፤ በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ባኮስ ይባላል። ሉቃስ በሦስት ነገር ያስታውቀናል፤ ኢትዮጵያዊ ነው፣ ጃንደረባ ነው፣ በንግሥቲቱ ገንዘብ ሁሉ ላይ የተሾመ ነው። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስም «አዛዥ» የሚለውን ማዕረግ ከ«ጃንደረባ» ጋር አጣምሮ ሰጥቶታል። ህንደኬ የሚለው እንደ ፈርዖን የማዕረግ ስም ነው፤ በዓባይ ሸለቆ በመርዌ የነበሩ ንግሥታት በዚህ ስም ይጠሩ እንደ ነበር ከታሪክ እናውቃለን፤ በጥንት ግሪኮች አነጋገርም ከግብፅ በስተደቡብ ያለው አገር ሁሉ ኢትዮጵያ ይባል ነበር። ለዛሬው ጉዳያችን ግን ዋናው ነገር ሰውየው በአንድ ጊዜ እልፍኝ አስከልካይም በጅሮንድም መሆኑ ነው። የንግሥቲቱ በርም ቁልፍም በእጁ ነው። (በነገራችን ላይ ሉቃስ ለገንዘቡ የተጠቀመበት የግሪክ ቃል «ጋዛ» ነው፤ የሚወርድበት መንገድም ወደ ጋዛ ከተማ ነው። ወንጌላዊው ይህን አስቦ ይሁን አይሁን ለእናንተ እተወዋለሁ፤ እኔ ግን ባነበብሁት ቁጥር ፈገግ እላለሁ፤ ይህኛው ፈገግታ ኃጢአት የለበትም።)

ይህ ታላቅ ሹም ሊሰግድ ወደ ኢየሩሳሌም ሄዶ ነበር። እዚያ ምን እንደ ገጠመው ሉቃስ አልጻፈም። ሕጉ ግን የታወቀ ነው፤ በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 23 መጀመሪያ ላይ እንደ ተጻፈው አካሉ እንዲህ የተጎዳ ሰው በእግዚአብሔር ጉባኤ አይቆጠርም ነበር። በቤቱ ሰውን የሚያስገባና የሚከለክል ሰው፣ በእግዚአብሔር ቤት ራሱ የሚከለከል ሆነ። ያን ያህል መንገድ በሠረገላ ተጉዞ፣ በበር ቆሞ፣ ሌላው ሲገባ እያየ። ብዙ ሰው በዚህ ምክንያት እምነቱን ይተዋል። እርሱ ግን መጽሐፍ ገዝቶ ይመለሳል ይመስላል፤ በመንገድ የኢሳይያስን ትንቢት ያነባልና። ዲያቆኑ ፊልጶስ ሲደርስበት ጮክ ብሎ እያነበበ ነበር፤ ስለ ተዋረደው፣ እንደ በግ ለመታረድ ስለ ተነዳው፣ ትውልዱን ማን ይናገራል ስለ ተባለለት ስለ እግዚአብሔር አገልጋይ የሚናገረውን ክፍል። ልጅ የሌለው ሰው ከመጽሐፉ ሁሉ በዚያ ቃል ላይ መቆሙ ለእኔ ያለ ነገር አይደለም። ትውልዱ በምድር የተቆረጠ ሌላ ሰው አገኘ። ይህ ማን እንደ ሆነ አጥብቆ ጠየቀ። ፊልጶስም ከዚያ ጀምሮ ኢየሱስን ሰበከለት።

ከዚያ ውኃ ወዳለበት ደረሱ። ጃንደረባው ውኃውን አይቶ እንዳይጠመቅ የሚከለክለው ነገር ምን እንደ ሆነ ጠየቀ። እስኪ ይህን ጥያቄ በአማርኛችን ጆሮ ስሙት። ሥራው መከልከል የሆነ ሰው፣ ዕድሜውን በእልፍኝ በር ቆሞ ሌላውን ሲያስቀርና ሲያሳልፍ የኖረ ሰው፣ አሁን በሌላ ንጉሥ በር ላይ ቆሞ የሚከለክለኝ ምን አለ ይላል። የግሪኩም ግሥ ያው ነው፤ ሕፃናት ወደ ጌታ ሲመጡ ደቀ መዛሙርት ሊከለክሏቸው ሲነሡ፣ ጌታም አትከልክሏቸው ሲል በሉቃስ ወንጌል የተጻፈው ቃል ነው። ለዚህ ጥያቄ ሊሰጥ የሚችል መልስ ጠፍቶ አልነበረም። ባዕድ ነህ ሊባል ይችል ነበር። አካልህ ጎድሏል ሊባል ይችል ነበር። የባዕድ ንግሥት ሹም ነህ፣ እስኪ ቆይ፣ በኢየሩሳሌም ያሉትን ሐዋርያት እንጠይቅ ሊባል ይችል ነበር። ፊልጶስ ከእነዚህ አንዱንም አላለም። ሠረገላው ቆመ፤ ሁለቱም ወደ ውኃው ወረዱ። ተጠማቂውን ብቻ ወደ ውኃው አላወረደውም፤ አጥማቂውም አብሮ ወረደ። ከቡሬ አጠገብ ፈጠም ወንዝን በእግሩ የተሻገረ ሰው፣ አንዱ ዳር ቆሞ ሲያዝዝና ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲሻገሩ ልዩነቱ ምን እንደ ሆነ ያውቃል።

ያ የኢሳይያስ ጥቅልል ገና አላለቀም ነበር። ሰውየው ያነበበው ዛሬ ምዕራፍ 53 የምንለውን ነው። ደስ ብሎት መንገዱን ሲቀጥል፣ እጁ ጥቅልሉን ጥቂት ቢገልጥ ምዕራፍ 56 ላይ ይደርሳል። በዚያ ስፍራ እግዚአብሔር ስለ ጃንደረቦች በስማቸው ይናገራል። ራሱን እንደ ደረቀ ዛፍ እንዳይቆጥር ጃንደረባውን ያጽናናዋል፤ ሰንበቱን ለሚጠብቁ፣ ቃል ኪዳኑንም ለሚይዙ ጃንደረቦች በቤቱና በቅጥሩ ውስጥ መታሰቢያን፣ ከወንዶችና ከሴቶች ልጆችም የሚበልጥ የማይጠፋ ስምን እንደሚሰጥ ተስፋ ይሰጣል። ኦሪት በዘጋችው በር ነቢዩ ቁልፉን ይዞ መጣ፤ በጋዛ መንገድ ግን በሩ ተከፈተ። ቅዱስ ኢሬኔዎስ በሁለተኛው ክፍለ ዘመን እንደ ጻፈው ይህ ሰው ወደ አገሩ የተመለሰው የሰማውን ለመስበክ ነው። የማይጠፋውን ስም ተመልከቱ፤ ሥጋዊ ልጅ ያልወለደው ሰው ዛሬ በኢትዮጵያ ሁሉ ይጠራል። በኦርቶዶክሳውያን ወንድሞቻችን ዘንድም ወጣቶች «ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ» የሚለውን ስም ለመንፈሳዊ አገልግሎታቸው መጠሪያ አድርገውታል። በዳሱ ለስድብ የዋለው ቃል በእነርሱ አፍ የክብር ስም ነው።

መጽሐፍ ቅዱስ ሌላም ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ያውቃል፤ እርሱን ካቴኪስቶች ስታስተምሩ ብዙ ጊዜ ታልፉታላችሁ። አቤሜሌክ ነው። ስሙም የንጉሥ አገልጋይ ማለት ነው፤ ይኸም ስም ከመሆን ይልቅ ሥራ ይመስላል። ነቢዩ ኤርምያስ እውነትን ስለ ተናገረ መኳንንቱ ውኃ በሌለው ጉድጓድ ውስጥ ጣሉት፤ በጭቃውም ውስጥ ሰጠመ። በንጉሡ ቤት ብዙ እስራኤላዊ ሹም ነበረ፤ ደፍሮ ወደ ንጉሡ የሄደው ግን ይህ ባዕድና ልጅ አልባ ሰው ነው። ንጉሡም ሠላሳ ሰዎች ሰጠው። አሁን ጸሐፊው የማይተዋትን ትንሽ ነገር ልብ በሉ። አቤሜሌክ ገመድ ከማውረዱ በፊት በንጉሡ ቤት ከቤተ መዛግብቱ በታች ገብቶ አሮጌ ጨርቅና የተጣለ ልብስ ወሰደ፤ በገመድም ወደ ኤርምያስ አወረደና በብብቱ ሥር ከገመዱ በታች እንዲያደርገው ነገረው። ገመድ የተራበና የከሳ ሰውን ገላ እንደሚቆርጥ ያውቅ ነበርና። አሮጌው ጨርቅ የት እንዳለ የሚያውቀው የቤት ሹም ብቻ ነው። መኳንንቱ ወርቁ የት እንዳለ ያውቃሉ፤ እርሱ ግን ብጣሹ የት እንደ ተቀመጠ ያውቃል። ሰውን ከጉድጓድ ማውጣት አንድ ነገር ነው፤ ሳይቆስል ማውጣት ሌላ ነገር ነው። እኛ ካህናት ገመዱን ቶሎ እንወረውራለን፤ ጨርቁን እንረሳለን።

ጌታችንም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 19 ስለ ጃንደረቦች ተናግሯል። ንግግሩ የመጣው ስለ ጋብቻ ጽናት ከተጠየቀ በኋላ ነው፤ ይህን መርሳት አይገባም። ከእናታቸው ማኅፀን እንዲሁ የተወለዱ አሉ፤ ሰዎች ያደረጓቸው አሉ፤ ስለ መንግሥተ ሰማያትም ራሳቸውን እንዲህ ያደረጉ አሉ ይላል። የመጨረሻው ቃል ስለ ሥጋ መቁረጥ እንዳልሆነ የኒቅያ አባቶች ቀኖና በቂ ምስክር ነው፤ በፈቃድ ስለ መንግሥቱ ብሎ ያለ ጋብቻ ስለ መኖር ነው። በገበያ ቀን በፍኖተ ሰላም ስዞር «አባ፣ ለምን አላገቡም? ቄስ ሚስት አለው እኮ» የሚሉኝ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የቀደመው ትውፊታችን ያገባ ካህንን ያከብራልና። እኔ የምመልሰው፣ ጌታ የተናገረው ሦስተኛው ወገን ፈቃደኛ መሆኑን ነው። ይህን ስል ግን ከካቴኪስታችን ጋር ራሴን አስተያየሁና አፈርሁ። እኔ ልጅ የለኝም፤ ሰው ግን አባ ይለኛል። እርሱም ልጅ የለውም፤ ሰው ጃንደረባ ይለዋል። እኔ መርጬ ነው፤ እርሱ ሳይመርጥ ነው። ጌታ ሁለታችንንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲያነሣ፣ እኛ አንዱን ወንበር ላይ አስቀምጠን ሌላውን ጠላ አስቀዳነው።

የጎጃም ልጅ ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤልም በ1791 እ.ኤ.አ. በመርጡለ ማርያም አጠገብ በዲቦ የተወለደ፣ በልጅነቱ አንድ ዓይኑን ያጣ መነኩሴ ነበር። የምንኩስና ኑሮው ሥጋዊ ልጅ አልተወለትም፤ እውነትን ፍለጋ ተንከራትቶ፣ ከአቡነ ያዕቆብ ከቅዱስ ዮስጢኖስ ደያቆቢስ ጋር አገልግሎ፣ በ1855 እ.ኤ.አ. በእስር በሰንሰለት ሞተ። በ1926 እ.ኤ.አ. ብፁዕ ተባለ። በዚህ አገር ያለን ካቶሊካውያን ቁጥራችን ጥቂት ቢሆንም ስሙን በልጆቻችን ላይ እናወጣለን።

አሁን ስለ ጋብቻው ጉዳይ በግልጽ ልናገር፤ በገጠራችን በዚህ ምክንያት የሚፈርሰው ትዳር ብዙ ነውና። ልጅ ሲዘገይ ነገሩ በመጀመሪያ የሚወድቀው በሴቲቱ ላይ ነው። መካን ትባላለች። የባል ዘመዶች ሽማግሌ ልከው ይሸኛት ይላሉ፤ አንዳንዱም ሚስቱን ሳይሸኝ በጎን ሌላ ይይዛል፤ ዘመዱም አይቶ እንዳላየ ያልፋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቀው በዓለም ከስድስት ሰዎች አንዱ ያህል በዕድሜው ልጅ ያለመውለድ ችግር ይገጥመዋል፤ ምክንያቱም በሴትም በወንድም በኩል ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ሚስቱን ብቻ ወደ ሐኪም የሚልክ ባል ግማሽ ምርመራ ነው ያደረገው። የቤተ ክርስቲያን ሕግ ደግሞ አያሻማም። በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣው የምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና በቁጥር 801 ላይ መካንነት ጋብቻን እንደማይከለክልም እንደማያፈርስም ይናገራል። ትምህርተ ክርስቶሱም በቁጥር 1654 ልጅ ያልተሰጣቸው ባለትዳሮች በሰውም በክርስትናም ሙሉ ትርጉም ያለው የትዳር ሕይወት ሊኖራቸው እንደሚችል፣ ትዳራቸውም በፍቅር፣ በእንግዳ ተቀባይነትና በመሥዋዕት ፍሬ እንደሚያፈራ ያስተምራል። ካቴኪስቶች ሆይ፣ ለተክሊል የሚዘጋጁትን ሙሽሮች ስታስተምሩ ይህን ከሠርጉ በፊት ንገሯቸው። ከአምስት ዓመት በኋላ ሽማግሌ ሲመጣ መንገር ዘግይቷል።

ወደዚያ ቤት መሄዴን ሳልናገር አላልፍም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ግጭቱ ከተነሣ ወዲህ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ያለው መንገድ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል፤ ስሙ የሰላም መንገድ የሆነ ከተማ ሰላም ናፍቆ ውሏል። ስለዚህ ባሰብሁት ቀን ሳይሆን በተከፈተልኝ ቀን ሄድሁ። ካቴኪስታችን በጓሮው የደረቀ በርበሬ ይለቅም ነበር። ተነሥቶ ተቀበለኝ፤ መስቀል ተሳለመ፤ በርጩማ አወጣልኝ። ይቅርታ ለመጠየቅ በመንገድ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ሁለት ቃል እንደ ተናገርሁ አስቆመኝ። «አባ፣ ያን ሰው ከሠረገላው ወርዶ ነው የተጠመቀው አይደል?» አለኝ። አዎን አልሁት። «እንግዲያ ፊልጶስ መጀመሪያ ሠረገላው ላይ ወጥቶ አጠገቡ ተቀምጧል።» ከዚህ ሌላ አልተናገረም። ባለቤቱ ቡና አፈላች፤ ጨለማ ሳይዘኝ ልመለስ ስል እስከ ጥርጊያው ሸኘኝ።

እርሱ ወደ አገልግሎቱ ተመልሷል። የወንድሞቹ ነገር ግን አልበረደም፤ ባለፈው ወር እንኳ ሁለት ሽማግሌዎች ሚስቱን ይሸኝ ዘንድ ልከውበት ነበር። አሰናብቷቸዋል። እነርሱ ግን እንደገና እንደሚመጡ ነግረውታል፤ በዚያ ቀን እኔም እንድገኝ ባለቤቱ ለምናኛለች፤ መንገዱ ከተከፈተ እገኛለሁ። በሚቀጥለው ወር በመጀመሪያው እሑድ ከቅዳሴ በፊት የኢሳይያስን ምዕራፍ 56 እርሱ ያነባል፤ ንባቡን የመረጠው ራሱ ነው። በዚያ ዳስ ተቀምጠን የነበርነውን ሁሉ፣ ዋንጫውን የዘረጉትን ሽማግሌም ጭምር፣ እንዲመጡ በየቤታቸው ሰው ልኬአለሁ። ሽማግሌው እስካሁን መልስ አልላኩም።